ሳንባው ለታመመ አጫሽ፦ ከሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒቶች የትኛው ይሻላል?

ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በየወሩ መጀመሪያ የሚነፉትን መድኃኒትና የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን የቴኦፊሊን ኪኒናቸውን ሊወስዱ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ይመጣሉ። ከታክሲ ወርደው ባንኮኒው ዘንድ እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ ቆም ይላሉ፤ ትንፋሽ እንዳጠራቸው ሰው እንዳያውቅባቸው ስልካቸውን የሚያዩ ይመስላሉ። አንድ ቀን ከኮታቸው ኪስ የኒኮቲን ማስቲካ አወጡና ባንኮኒው ላይ ጣል አደረጉት። «ልጄ ከአሜሪካ የላከልኝ ነው። ስቅታ አመጣብኝ፣ ደረቴን አቃጠለኝ፤ ሲጋራውን ግን አላስረሳኝም» አሉ።

እንዴት እንደሚያኝኩት ጠየቅኋቸው።

«ማስቲካ እንዴት ይታኘካል? እያኘክሁ ቡናዬን እጠጣለሁ፣ አለቀ።»

ማስቲካው የተበላሸ አልነበረም፤ እሳቸውም አልሰነፉም። የጎደለው አብሯቸው ቁጭ ብሎ የሚሆናቸውን የመረጠ ሰው ነው። ሲጋራ ለማቆም የሚረዱ መድኃኒቶችን የሚያወዳድሩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ይበረታል?» ብለው ይነሣሉ። ሳንባው የታመመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መድኃኒትም ይውጣል፣ ቡናም ይጠጣል፣ አንዳንዱ ይቅማል፣ አንዳንዱ ይጾማል። ስለዚህ እኔ ለደንበኞቼ የምመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ ከያዛቸው ነገር ጋር የማይጋጨው የትኛው ነው? ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ሊያገኙት የሚችሉትስ የትኛው ነው? ብርታቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከሚነፋው መድኃኒት በላይ የሚሠራው

ሲኦፒዲ በሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ የተያዘ ሰው የአየር ቧንቧው ጠቦ፣ ሳንባው ተበላሽቶ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ይሄዳል። በአሜሪካና በካናዳ 5,887 አጫሾችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ሁሉም የአየር ቧንቧቸው መጥበብ የጀመረ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1994 ታተመ። ቧንቧን የሚከፍተው የሚነፋ መድኃኒት የሳንባውን መድከም አላዘገየውም፤ ሲጋራ ማቆም ግን አዘገየው። ከ11 ዓመት በኋላ ሲለካ፣ ማጨስ ያላቆሙት ወንዶች በአንድ ሰከንድ በኃይል ከሚያወጡት አየር በየዓመቱ 66 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲያጡ፣ ያቆሙት ያጡት 30 ገደማ ነበር። 66 ሚሊ ሊትር አንድ የቡና ሲኒ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ነው። በየዓመቱ አንድ ሲኒ ትንፋሽ ማለት ነው፤ በአሥር ዓመት ጀበናው ባዶ ይሆናል።

በዚያው ጥናት የኒኮቲን ማስቲካና ጠንከር ያለ ምክር ካገኙት ከመቶ 22ቱ እስከ አምስት ዓመት ሳያጨሱ ቆይተዋል፤ ያላገኙት ግን ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። «ወንድ ልጅ በቃኝ ካለ በቃው ነው» የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እነግራቸዋለሁ። የሳንባ ሕመምተኞች ከሌላው አጫሽ ይበልጥ ሱሱ የጸናባቸው፣ ጭሱንም አጥልቀው የሚስቡ መሆናቸው ብዙ ጊዜ ታይቷል። በቁርጠኝነት ብቻ ያልተላቀቁትን ሰዎች ደካማ ማለት ግፍ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ሳንባ የሚታመመው ከሲጋራ ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በማገዶ ጭስ የኖሩ፣ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶችም በዚሁ በሽታ ይመጣሉ። ለእነሱ የሚጠቅመው የጭስ መውጫና የተሻለ ምድጃ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይመለከታቸውም።

ቫሬኒክሊን፦ በሩን ገርበብ የሚያደርገው

ኒኮቲን አንጎል ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ አለ። ቫሬኒክሊን የተባለው ኪኒን እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጦ በሩን ገርበብ አድርጎ ይይዘዋል። ጥቂት ስለሚከፍት ሐራራው ይበርዳል፤ ቦታውን ስለያዘ ደግሞ ሰውየው ቢያጨስም ሲጋራው እንደ ድሮው አይጥመውም። «ገለባ የማጨስ መሰለኝ» ያለኝ ሰው አለ።

ቀላልና መካከለኛ ሲኦፒዲ ባለባቸው 504 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት፣ በሕክምናው የመጨረሻ አራት ሳምንታት ከመቶ 42ቱ ፈጽሞ አላጨሱም፤ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከወሰዱት ግን ከመቶ 9 ነበሩ። ዓመት ሲሞላ 19 ለ6 ገደማ ሆነ። በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከአምስት ሰው አራቱ ሳያጨሱ እስከ ዓመቱ አለመዝለቃቸውንም ልብ ይሏል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሲወድቅ «መድኃኒቱ አይሠራም» ብሎ አይጥለውም።

አወሳሰዱ ቀስ እያለ ይጨምራል። የመጀመሪያ ሦስት ቀን ግማሽ ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ቀጥሎ አራት ቀን በቀን ሁለቴ፣ ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፤ በጠቅላላው 12 ሳምንት። ሲጋራው የሚቆመው በሁለተኛው ሳምንት መግቢያ ላይ ነው። ዛሬውኑ ለመቁረጥ ያልደፈረ ሰውም በር አልተዘጋበትም፦ ኪኒኑን እየወሰደ በአራት ሳምንት በግማሽ፣ በቀጣዩ አራት ሳምንት ደግሞ የቀረውን በግማሽ ቀንሶ በ12ኛው ሳምንት ማቆም፣ ከዚያ ሌላ 12 ሳምንት መቀጠል ይችላል። በቀን 20 ፍሬ የሚያጨስ ሾፌር ይህን መንገድ ይወደዋል።

ጉዳቱ በአብዛኛው ማቅለሽለሽ ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱን ገደማ ያገኘዋል። ከምግብ በኋላ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ሲወሰድ ይቀላል። ሕልምም ያበዛል። ክፉ ሕልም ሳይሆን በቀለም የደመቀ፣ የረዘመ ሕልም ነው፤ የማታውን ኪኒን በእራት ሰዓት መዋጥ ይረዳል። ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመበት ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ይገባል። በዚህ መድኃኒት ላይ መጠጥ ከወትሮው ቶሎ የሚያሰክራቸውም አሉ።

ስለ ቫሬኒክሊን ብዙ ሰው የሰማው ወሬ አእምሮን ይነካል የሚለው ነው። ወሬው ከባዶ አልተነሣም፤ በአሜሪካ ማሸጊያው ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና 8,144 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ቫሬኒክሊንን፣ ቡፕሮፒዮን የተባለውን ሌላ የማቆሚያ ኪኒንና ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፓች ጎን ለጎን አወዳደረ፤ ግማሽ ያህሉ ተሳታፊዎች ቀድሞ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው ነበሩ። ሁለቱ ኪኒኖች የከፋ የአእምሮ ችግር በማምጣት ከፓቹም ሆነ መድኃኒት ከሌለበት ኪኒን ጎልተው አልታዩም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያውን አነሣ። በስድስት ወር የተገኘው ውጤትም ይኸው፦ ከመቶ ሰው ቫሬኒክሊን ወደ 22፣ ቡፕሮፒዮን 16፣ ፓች ለብቻው 16፣ ባዶው ኪኒን 9።

እ.ኤ.አ. በ2021 ፋይዘር ቻንቲክስ ብሎ የሚሸጠውን ቫሬኒክሊን ከገበያ ሰብስቦ ነበር፤ ናይትሮሳሚን የተባለ የማይፈለግ ኬሚካል ከተፈቀደው በላይ ስለተገኘበት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት በገበያ ላይ አለ። እኔ ባለሁበት መድኃኒት ቤት ግን «አለቀ» ወይም «አልመጣም» ያልሁባቸው ቀናት ይበዛሉ። ለዚህ ነው ሁለተኛውን ምርጫ አጥብቄ የምይዘው።

ፓችና ማስቲካ፣ አንድ ላይ

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናንሣ። «ኒኮቲን ራሱ መርዙ አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። ሱሰኛ የሚያደርገው ኒኮቲን ነው፤ ሳንባን የሚያበላሸው ግን ከሚቃጠለው ትንባሆ የሚወጣው ሬንጅና መርዘኛ ጋዝ ነው። ፓች ውስጥ ጭስ የለም፤ ኒኮቲኑም ቀስ ብሎ ስለሚገባ እንደ ሲጋራ አንጎልን አያቀብጥም።

ፓች ለብቻው ወይም ማስቲካ ለብቻው ከምንም ይሻላል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ከአንዱ በግልጽ ይበልጣሉ፤ ወደ ቫሬኒክሊንም ይጠጋሉ። ፓቹ ቀኑን ሙሉ መሠረቱን ይይዛል፤ ማስቲካው ድንገት ለሚነሣው ሐራራ ነው፦ ከምሳ በኋላ፣ ስልክ ሲያናድድ፣ ወዳጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲለኩስ። በቀን ከ10 ፍሬ በላይ የሚያጨስ ሰው ባለ 21 ሚሊ ግራሙን ፓች ለስድስት ሳምንት፣ ከዚያ ባለ 14ቱን ለሁለት፣ ባለ 7ቱን ለሁለት ሳምንት ይለጥፋል። የማስቲካውን ጉልበት ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ከእንቅልፍ ነቅተው የመጀመሪያውን ሲጋራ መቼ ያጨሳሉ? በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ባለ 4 ሚሊ ግራሙ፤ ከዚያ ከዘገየ ባለ 2ቱ። የእኔ ሾፌር ከአልጋ ሳይወርዱ የሚለኩሱ ሆነው ሳለ የተላከላቸው ባለ 2 ነበር።

አሁን ወደ አኘካኩ። በዝግታ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይታኘክና አፍ ውስጥ ቃሪያ ቃሪያ ሲል፣ ድድ ነዘር ሲያደርግ ይቆማል። ከዚያ በጉንጭና በድድ መካከል ይወተፋል። ጫት ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ እንደ ጉንጭ መያዝ ነው። ቃጠሎው ሲበርድ እንደገና ትንሽ ታኝኮ በሌላኛው ጉንጭ ይቀመጣል፤ ይህ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ኒኮቲኑ ወደ ደም የሚገባው በጉንጭ ሥጋ በኩል ነው። እንደ ተራ ማስቲካ ቶሎ ቶሎ ከታኘከ ከምራቅ ጋር ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ያኔ ስቅታና ቃር ነው ትርፉ። ቡና፣ ለስላሳና የብርቱካን ጭማቂ ደግሞ አፍን ኮምጣጣ ስለሚያደርጉ ኒኮቲኑ በጉንጭ እንዳያልፍ ያግዱታል። ማስቲካው አፍ ከመግባቱ 15 ደቂቃ በፊትና አፍ ውስጥ እያለ ከውኃ በቀር ምንም ባይጠጣ ነው። ሾፌሩ ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ የአራት ወር ማስቲካ በቡና አጥበው ውጠውታል።

ፓቹ በየጠዋቱ በንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ፀጉር በሌለበት የላይኛው ክንድ ወይም ጀርባ ይለጠፋል፤ በየቀኑ ቦታው ይቀየራል። ከተለጠፈ በኋላ ለአሥር ሰከንድ ያህል በመዳፍ ይጫኑት። ሌሊት ቅዠት ካበዛ ማታ ይነሣል፤ ገና ሲነቁ ሐራራ የሚጥላቸው ሰዎች ግን እስከ ጠዋት ቢተዉት ይሻላቸዋል። የተነሣው ፓች ውስጥ ገና ኒኮቲን ስላለ ሕፃን እንዳያገኘው ታጥፎ ይጣል።

ሰውን ከፓች የሚያርቀው ሌላው ወሬ «ለጥፈህ ካጨስህ ልብህ ይቆማል» የሚለው ነው። ብዙዎች አንዲት ሲጋራ ካመለጠቻቸው በድንጋጤ ፓቹን ይነቅሉታል፤ በማግስቱ ወደ ፓኮው ይመለሳሉ። አንድ ሁለት ፍሬ ያጨሰ ሰው ፓቹን ሳይነቅል ይቀጥል። በቅርቡ የልብ ድካም ያጋጠመው ወይም የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

በሲኦፒዲ ሕመምተኞች ላይ በተለይ የተሞከረው ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የኒኮቲን ኪኒን ነው፤ 370 ሰዎች ላይ። በስድስት ወር ከመቶ 23 ለ10፣ በዓመት 17 ለ10 ሆኗል። ወደ አፍንጫ የሚረጨውና በአፍ የሚሳበው ዓይነት ጉሮሮንና የአየር ቧንቧን ስለሚቆጠቁጡ ቧንቧው ቶሎ ለሚኮማተር ሰው አልመርጣቸውም።

ቡፕሮፒዮን፦ ለሳንባ ሕመምተኛ ለምን ሦስተኛ አደረግሁት?

ቡፕሮፒዮን በመጀመሪያ ለድባቴ የተሠራ ኪኒን ነው። በ404 የሲኦፒዲ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በስድስት ወር ከመቶ 16 ለ9 ውጤት አሳይቷል። ሲጋራው ከመቆሙ አንድ ሳምንት በፊት ይጀመራል፦ 150 ሚሊ ግራም ለሦስት ቀን አንዴ፣ ከዚያ ቢያንስ በስምንት ሰዓት ልዩነት ሁለቴ፣ ከ7 እስከ 12 ሳምንት። ድባቴ ላለበት ሰው ሁለት ነገር በአንድ ስለሚያደርግ ጥሩ ነው። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል።

ክብደቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ይህ መድኃኒት ከሺህ ሰው አንዱን ገደማ በሚጥል በሽታ መልክ ያንቀጠቅጣል። አንድ ከሺህ ትንሽ ነው። ነገር ግን ይህን አደጋ የሚያባብሱ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲነበብ የሳንባ ሕመምተኛ የመድኃኒት ከረጢት የተዘረገፈ ይመስላል፦ ቴኦፊሊን፣ ሳንባው ሲብስበት የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ አንቲባዮቲኮች። ለሕመም የሚወሰደው ትራማዶልና አንዳንድ የወባ መድኃኒቶችም አሉበት። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ቀድሞ የነበረበት፣ ወይም ብዙ ሲጠጣ ቆይቶ መጠጥ ድንገት ያቋረጠ ሰው ጨርሶ አይወስደውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጫት አለ። ጫትን ጫት የሚያደርገው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቡፕሮፒዮንም በኬሚካል አሠራሩ የካቲኖን ዘመድ ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስነግር የማይገረም የለም። ሁለቱም አነቃቂ፣ ሁለቱም እንቅልፍ ነሺ ናቸው፤ በአንድ ላይ ሲሆኑ ልብንም አንጎልንም ያስጨንቃሉ። ስለዚህ የሚቅም ሰው ቡፕሮፒዮን ሊታዘዝለት ሲል ለሐኪሙ አለመናገሩ አደገኛ ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀ ራስዎ ይናገሩ፤ ማፈር ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ደግሞም ሲጋራውን ትቶ ምርቃናውን ይዤ እቀጥላለሁ የሚል ሰው በየትኛውም መድኃኒት ይቸገራል፤ ሁለቱ እጅና ጓንት ሆነው የኖሩ ናቸውና።

ቡፕሮፒዮን የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። ሲጋራ ሲቆም ውፍረት ለሚያሰጋቸው ይህ ሊያስደስት ይችላል። ሳንባው ተበልቶ አጥንቱ የቀረ ሕመምተኛ ግን ሁለት ሦስት ኪሎ ቢጨምር እልል ነው።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

ሳይቲሲን ላቡርነም ከተባለ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ፣ በቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተሸጠ ርካሽ ኪኒን ነው። አሠራሩ ቫሬኒክሊንን ይመስላል፤ በ25 ቀን ያልቃል። በጤነኛ አጫሾች ላይ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። በባንግላዴሽና በፓኪስታን በሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ግን ከባዶው ኪኒን የተለየ ነገር አላመጣም፤ በሁለቱም ወገን ከመቶ 30 ገደማ አቁመዋል። የምትኖሩበት አገር የሚገኝ ከሆነ ሐኪም ይጠየቅበት፤ እኔ ለሳንባ ሕመምተኛ ከሁለቱ አላስቀድመውም።

ኖርትሪፕቲሊን የቆየና ርካሽ ነው፤ ልብን ስለሚነካ ያለ ሐኪም ክትትል አይሞከርም። ስሙ ስለሚቀራረብ ቤት ውስጥ ያለውን አሚትሪፕቲሊን በእሱ ምትክ መዋጥ ስሕተት ነው።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በእንግሊዝ በጤና አገልግሎቱ ሳይቀር ለማቆሚያ ይሰጣል፤ በኢትዮጵያ ግን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ከሕጉ ባሻገርም ቀድሞ የቆሰለ ሳንባ ውስጥ ለዓመታት እንፋሎት ማስገባት አይመቸኝም። ሺሻማ ጭስ ነው፤ ውኃው አያጠራውም።

ሲጋራው ሲቆም የሚጨምረው ቴኦፊሊን፣ የሚበረታው ቡና

ይህን ክፍል ከሁሉ በላይ ለሕመምተኛው ቤተሰብ ነው የምጽፈው። የሲጋራ ጭስ ጉበትን ያቻኩለዋል፤ ጉበቱም አንዳንድ መድኃኒቶችን ከልክ በላይ ፈጥኖ ያስወግዳል። ስለዚህ የሚያጨስ ሰው ቴኦፊሊን ወይም ዘመዱን አሚኖፊሊን ከሌላው ከፍ ባለ መጠን ይታዘዝለታል። ሲያቆም ጉበቱ ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን የማስወገድ አቅሙ ከሲሶ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ሕመምተኛው ያው የለመደውን ኪኒን እየዋጠ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ግን ይከማቻል። ያኔ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። «ሲጋራ ስላቆመ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ይተዋል፤ ባሰ ጊዜ ግን እስከ መንቀጥቀጥ የሚያደርስ ነው። ጉበቱን የሚያቻኩለው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ ፓች መለጠፉ ይህን አያስቀረውም። ቴኦፊሊን የሚወስድ ሰው የማቆሚያውን ቀን ለሐኪሙ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ መጠኑ ይቀነስለታል። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለካ።

ቡናም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። አጫሽ ካፌይንን ቶሎ ያስወግዳል፤ ሲያቆም ያው ሦስት ሲኒ በደሙ ውስጥ እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጨረሰ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጥፋቱን በፓቹ ያሳብባል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአቦል ማብቃት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጨርሶ መተው ይበጃል። ቡናው ራሱ ሲጋራ ስለሚጠራ መቀነሱ እጥፍ ጥቅም አለው።

ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ፦ ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳልና አክታ ሊበዛ ይችላል። ጭሱ አደንዝዟቸው የነበሩት የአየር ቧንቧ ጥቃቅን ፀጉሮች መጥረግ ሲጀምሩ ነው። ደም ወይም ትኩሳት ካለበት ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

ጾመኛ ለሆነ

ቫሬኒክሊን በባዶ ሆድ ያጥወለውላል፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የጠዋቱ ኪኒን ችግር ነው። ሕክምናው 12 ሳምንት፣ ማለት 84 ቀን ነው፤ በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ከመጀመር ከፋሲካ ማግስት መጀመር ይቀላል። ሕመምተኛ መሆናቸውን ለነፍስ አባታቸው ነግረው ፈቃድ ያገኙም አሉ። ፓች በአፍ ስለማይገባ ብዙ ጾመኞች ይመርጡታል። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አለማጨስን የለመደ ሰው ከአፍጥር በኋላ ያለችውን ሲጋራ ብቻ መታገል ነው የሚቀረው፤ ከዚያ የተሻለ የመጀመሪያ ሳምንት አላውቅም።

ከውጭ አገር ለሚልክ ዘመድ

የሚላከው ብዙ ጊዜ አንድ ሳጥን ነው። አንድ ሳጥን ሱስ ቀስቅሶ የሚተው ግማሽ ሕክምና ነው። ሙሉው ይህን ያህል ነው፦ የፓች የአሥር ሳምንት ሕክምና ባለ 21 ሚሊ ግራም 42፣ ባለ 14 ሚሊ ግራም 14፣ ባለ 7 ሚሊ ግራም 14፣ በድምሩ 70 ፓች ነው። ማስቲካው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብቻው ሲሆን በቀን ከዘጠኝ ያላነሰ ይፈጃል፤ ከፓች ጋር ግን ያንሳል። የ12 ሳምንት ቫሬኒክሊን 11 ባለ ግማሽ ሚሊ ግራምና 154 ባለ አንድ ሚሊ ግራም ኪኒን ነው። የሰባት ሳምንት ቡፕሮፒዮን 95 ኪኒን ነው።

አሜሪካ ፓችና ማስቲካ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል፤ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን ግን ለራሱ ለሕመምተኛው በሐኪም የሚታዘዙ ናቸው። ለራስ የታዘዘን ኪኒን ለአባት መላክ ኩላሊቱንም ሌላ መድኃኒቱንም ሳይጠይቁ ማዘዝ ነው። እዚያው የሚኖር አጫሽ ደግሞ ያለውን ይጠቀም፦ በአሜሪካ ሲጋራ ለማቆም የሚረዱ የስልክ መስመሮች አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ በእስራኤል ቁፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቱ) የማቆሚያውን ሥልጠና ለሚከታተል ሰው መድኃኒቱን በቅናሽ ይሰጣል።

ስለ ሾፌሩ ልጨርስ። ቫሬኒክሊን በዚያ ወር አልነበረኝም። ቡፕሮፒዮንን ቴኦፊሊናቸው ከለከለው። ሐኪማቸው ቴኦፊሊኑን ቀነሱላቸው፤ ልጃቸው 70ውን ፓችና ባለ 4ቱን ማስቲካ በሚመጣ ሰው ላከ። በአምስተኛው ሳምንት አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ለቅሶ ቤት አምሽተው ሁለት ፍሬ አጭሰዋል። ገንዘቡን አባከንሁት፣ የቀረውን ለሌላ ሰው ስጪው ብለው ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። አብረን ቆጠርን፤ ባለ 21ዱ አሥራ አንድ ቀርቷል። ኮታቸውን ገለጥ እንዲያደርጉ ጠየቅኋቸው፤ የዚያን ቀን ጠዋት የለጠፉት ክንዳቸው ላይ ነበር።